ፕሮጀክት እስከ መጨረሻው ዓመት አይቆይም፦ ስለ ኤሮስፔስ ምህንድስና ትምህርት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የኤሮስፔስ፣ ማለትም የአውሮፕላንና የመንኩራኩር፣ ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪን ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ድሮንና ሮኬት እያሠሩ ጊዜውን ያባክኑበታል። መጀመሪያ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ይጨርስ፤ ፕሮጀክት የመጨረሻው ዓመት ጉዳይ ነው። ለዚህም አምስት ምክንያት ያቀርባሉ። ቲዎሪ ይቀድማል፤ ጥናትም ይህን ይደግፋል፤ በቡድን ሥራ ሰነፉ በጎበዙ ጀርባ ያልፋል፤ የተማሪ ሮኬት አብዛኛውን ጊዜ ይከሽፋል፣ ከክሽፈቱም የሚገኝ ትምህርት የለም፤ በመጨረሻም ነገሩ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።

ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ከሥጋታቸው ከፊሉ የእኔም ሥጋት ነው። ምክራቸው ሥራ ላይ ቢውል ግን ተማሪ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

«መጀመሪያ ቲዎሪው ይለቅ» ከሚለው ልጀምር። ጸሐፊው ቲዎሪ የሚሉት የኤሮዳይናሚክስ (የአየር ፍሰትና ኃይል)፣ የስትራክቸር (የአካል ጥንካሬ)፣ የፕሮፐልሽን (የሞተርና የግፊት) እና የኮንትሮል (የበረራ ቁጥጥር) ኮርሶችን ነው። አስፈላጊነታቸው ላይ ክርክር የለንም። እኔ የማነሳው ኮርሶቹ በየፊናቸው ሲሰጡ በመሀል የሚወድቀውን ነገር ነው።

ትንሽ አውሮፕላን ልንሠራ ነው እንበል። የኤሮዳይናሚክስ ፈተና «ክብደቱ 2 ኪሎ ነው፤ የክንፉን ስፋት አስላ» ይላል። ተማሪው ያሰላል፣ ማርኩን ያገኛል። ሁለቱ ኪሎ ከየት መጣ? ፈተናው ሰጠው። ፕሮጀክት ላይ ግን ክብደቱን የሚሰጥ የለም። ክንፉ ሲሰፋ ክብደቱ ይጨምራል። ክብደቱ ሲጨምር ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ያስፈልጋል። ያኔ ወይ ክንፉ እንደገና ይሰፋል፣ ወይ አውሮፕላኑ ይፈጥናል። ሲፈጥን ሞተሩ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ባትሪው ይተልቃል። ባትሪው ደግሞ ራሱ ክብደት ነው። ተመልሰን መነሻው ላይ እንገኛለን። የአውሮፕላን ዲዛይን ይህን ዙር ደጋግሞ ማስላት ነው፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ድረስ። አንዳንዴ አይረጋም። ክብደቱ በየዙሩ እያደገ ይሄዳል። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ «ጭነቱን እንቀንስ» ወይም «ርቀቱን እንተው» ማለት አለበት። ይህን ውሳኔ ኤሮዳይናሚክስም ስትራክቸርም ለብቻቸው አያስተምሩም። ውሳኔው የሚገኘው ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ፈተና ላይ የተሳሳተ ቁጥር የሚጎዳው የጻፈውን ተማሪ ብቻ ነው። ፕሮጀክት ላይ የአንዱ ተማሪ መልስ የሌላው መነሻ ይሆናል። የክንፉ ቡድን የሰጠውን ክብደት ይዞ የሞተሩ ቡድን ሞተር ይመርጣል። የሞተሩን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ይዞ ደግሞ ሌላው ባትሪ ይገዛል። አንዷ ቁጥር በዝምታ ከተቀየረች ሦስት ሰው ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ኢንጂነር ማለት ቁጥሩን ሌላ ሰው የሚተማመንበት ባለሙያ ነው። ይህን መተማመን መሸከም ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመስከረም 1999 ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን መንኩራኩር አጣ። አንዱ የሶፍትዌር ክፍል የግፊቱን መጠን በእንግሊዙ መለኪያ፣ በፓውንድ ኃይል ሰከንድ፣ ያወጣ ነበር። ተቀባዩ የበረራ መሪ ቡድን ደግሞ በሜትሪኩ መለኪያ፣ በኒውተን ሰከንድ፣ ነው ብሎ ወሰደው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.45 እጥፍ ገደማ ነው። መንኩራኩሯ ከማርስ ወለል 226 ኪሎ ሜትር ላይ ታልፋለች ተብሎ ሲጠበቅ 57 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ገባች። በዚያ ከፍታ ያለው ከባቢ አየር አላስተረፋትም።

እዚያ ክፍል ውስጥ ኒውተን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ቲዎሪውን የጨረሱ፣ የተመረጡ ባለሙያዎች ናቸው። የአጣሪ ቡድኑ ሪፖርት ከቁጥሩ ሌላ ያነሣው የግንኙነትን ጉዳይ ነው። የበረራ መሪዎቹ አንድ ነገር እንዳልገጠመ አስቀድመው አስተውለው ነበር። ጥርጣሬያቸው ግን በመደበኛው የችግር ማሳወቂያ መንገድ ሳይሆን በኢሜይል ነበር የተነገረው፤ እዚያው ቀረ። «ይህ ቁጥር አልገባኝም፤ እስኪገባኝ ድረስ አንቀጥልም» ብሎ መናገር ሙያ ነው። ተማሪ ይህን የት ይለማመደው? የመጨረሻው ዓመት የመጨረሻ ሴሚስተር ላይ፣ ለመመረቅ ሲጣደፍ?

ጸሐፊው በምሳሌነት የኔዘርላንዱን የደልፍት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያነሣሉ። «እዚያ ትልቁ ፕሮጀክት የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው» ይላሉ። እውነት ነው። የባችለር ትምህርቱ መዝጊያ ላይ አሥር አሥር ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለአሥር ሳምንት ሙሉ ጊዜያቸውን አንድ ዲዛይን ላይ ያሳልፋሉ። በመሀል በመሀሉ ሥራቸው ይገመገማል። ጸሐፊው የዘለሉት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው። የደልፍት ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የፕሮጀክት ኮርስ አለበት። አሥሩ ሳምንት የሚሠራው ተማሪው በቡድን መሥራትን እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለማያየው ነው። የራሳቸው ምሳሌ ለእኔ ይመሰክራል።

ታዋቂው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲም ቢሆን ከዚህ አይለይም። የኤሮናውቲክስና አስትሮናውቲክስ (የአየርና የጠፈር በረራ) ዲፓርትመንቱ ከሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር፣ ማለትም ከቻልመርስ፣ ከኬቲኤችና ከሊንሾፒንግ ጋር፣ በ2000 ሲዲአይኦ የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ጀመረ። መነሻቸው ጸሐፊው እንደሚሉት ቲዎሪን መጥላት አልነበረም። ተመራቂዎች ስሌት ያውቃሉ፤ ነገር አስቦ፣ ነድፎ፣ ሠርቶ፣ ሥራ ላይ ማዋል ግን አይችሉም የሚል ሥጋት ነበር። ካወጧቸው 12 መመዘኛዎች አንዱ በትምህርቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የመንደፍና የመሥራት ልምምድ ይኑር ይላል፤ አንዱ በመሠረታዊ ደረጃ፣ ሌላው ከፍ ባለ። በዚያው ዲፓርትመንት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከባድ የቲዎሪ ጭነት አለበት። ያ አልቀረም።

ሁለተኛው ነጥባቸው «ጥናቱም ከእኔ ጋር ነው» የሚል ነው። የሚጠቅሱት የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 ያወጡትን ታዋቂ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ጀማሪን ያለ በቂ መመሪያ «ራስህ ፈልገህ ድረስበት» ማለት አይሠራም ይላል። ጀማሪ ብዙ አዲስ ነገር ባንዴ ሲመጣበት አእምሮው ይጨናነቃል። ደረጃ በደረጃ የተሠራ ምሳሌ ቢያይ ይሻለዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ተማሪን «ሮኬት ሥሩ» ብሎ ትቶ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሪፖርት የሚሰበስብ መምህር ጥፋት ሠርቷል። ያንን ግን ፕሮጀክት አልለውም። በ2007 ሂሜሎ-ሲልቨርና ሁለት ባልደረቦቿ ለዚሁ ጽሑፍ ሲመልሱ ያሉትም ይህንኑ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ችግር ተኮር ትምህርት መመሪያ የሞላበት ነው፤ መመሪያ የለሽ ከሚባለው ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ አይገባም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱትን ደግሞ ልጨምር። በ2014 ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ሌክቸር ብቻ በሚሰጥበት ክፍል የወደቀው ተማሪ በአማካይ 33.8 በመቶ ነበር። ተማሪው ራሱ በሚሳተፍበት ክፍል 21.8 በመቶ። የፈተና ውጤትም በ6 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ይህ ጥናት ስለ ፕሮጀክት ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ መመለስንና በቡድን መወያየትንም ይጨምራል። ስለዚህ «ፕሮጀክት ያሸንፋል» ለማለት አልጠቀምበትም። «ተማሪው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የበለጠ ይማራል» የሚለውን ለመመለስ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ጸሐፊው የተማሪዎችን ቅሬታም ያቀርባሉ። «ፕሮጀክት ላይ ደከምን እንጂ ምንም አልተማርንም» ያሉ ተማሪዎች አሉ። ቅሬታው መደመጥ አለበት። ነገር ግን በ2019 ከሃርቫርድ የፊዚክስ መግቢያ ክፍሎች የወጣ ጥናት አለ። ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት ተማሪዎች ጥሩ ሌክቸር ካዳመጡት ያነሰ እንደተማሩ ተሰማቸው። ሲፈተኑ ግን የበለጡት እነሱ ነበሩ። ጎበዝ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሲሠራ ሁሉም ነገር የገባን ይመስለናል። ራሳችን ስንሠራ ያልገባን ነገር ፊታችን ይደቀናል፤ ያ ደስ አይልም። ድካሙን ብቻ አይቶ ትምህርቱ የለም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። በግሩፕ ሥራ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ያስገባል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቃል። አንድ ለአምስት ተብሎ ተደራጅቶ ሰቃዩ ተማሪ የአምስቱን አሳይመንት ሲሠራ ያደረበትን ጊዜ የሚረሳ የለም። ሰቃዩ ተበደለ፤ አራቱም ሳይማሩ ቀሩ። ሌላም በደል አለ፤ ጸሐፊው አላነሡትም። በብዙ ቡድን ውስጥ ሴት ተማሪዋ ሪፖርት እንድትጽፍና ስላይድ እንድታሰማምር ይደረጋል። ወንዶቹ መሣሪያውን ይይዛሉ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሥራው በየልማዱ ሲከፋፈል እንዲያ ሆኖ ያርፋል። እሷ ስትመረቅ ጥሩ ጸሐፊ ናት፤ ሞተር ፈትታ ግን አታውቅም።

መፍትሔው ግን ፕሮጀክቱን ማጥፋት አይደለም። የቡድን ውጤት ብቻ ሲሰጥ ነው መደበቅ የሚቻለው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ የሥራ መዝገብ ይኑረው፤ ምን እንዳሰላ፣ ምን እንደቀየረ፣ ለምን እንደቀየረ በቀን በቀኑ ይጻፍ። ኃላፊነቱ በየጥቂት ሳምንቱ ይዘዋወር፤ ስትራክቸር ላይ የነበረችው ወደ ፕሮፐልሽን ትሂድ። በግምገማው ቀን ደግሞ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያቀርብ መምህሩ ይምረጥ፤ ቡድኑ አይምረጥ። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ብዙ ነገር ያስተካክላል። የክንፉን ስሌት ማስረዳት የሚችል አንድ ተማሪ ብቻ ያለበት ቡድን ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ቡድኑ ከግምገማው በፊት እርስ በርስ ለመማማር ይገደዳል። ቸክሎ ማለፍ እዚህ አይሠራም፤ «ይህን ቁጥር በእጥፍ ብንጨምረው ምን ይሆናል?» ለሚል ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ የለም።

ይህ ሁሉ የመምህር ጊዜ ይበላል። እውነተኛው ወጪ ይህ ነው። ከፎሙም ከሞተሩም ይበልጣል። ሁለት መቶ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ሌክቸር መስጠት ርካሽ ነው፤ እያንዳንዱን ቡድን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ውድ ነው። ጸሐፊው ክርክራቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ መልሱ ይከብደኝ ነበር። ዲፓርትመንት ለመምህሩ ይህን ሰዓት እንደ ማስተማሪያ ሰዓት ካልቆጠረለት ፕሮጀክቱ በወረቀት ብቻ ይቀራል።

አራተኛው፣ «የተማሪ ሮኬት ይከሽፋል፤ ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። ይከሽፋል፤ አዎ። ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሮኬት ቡድን የበለጠ ለዚህ የሚሆን ታሪክ አላውቅም። ቡድኑን የሚመሩት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ትራቨለር የተባለው ሮኬታቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ከሸፉ። ሦስተኛውን በመስከረም 2018 ኔቫዳ በረሃ ላይ አስወነጨፉት። ሮኬቱ ወጣ። ነገር ግን የመመዝገቢያውና የማረፊያው ኤሌክትሮኒክስ ከመወንጨፉ በፊት አልበራም ነበር። የት እንደደረሰ ማረጋገጫ የለም። የዓመታት ሥራ ባንድ ባልተከናወነ እርምጃ ጠፋ።

ሚያዝያ 21 ቀን 2019 ኒው ሜክሲኮ ላይ ትራቨለር 4 ተወነጨፈ። 339,800 ጫማ ደረሰ፤ 103.6 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብዙዎች የጠፈር መጀመሪያ ከሚሉት ከ100 ኪሎ ሜትሩ የካርማን መስመር በላይ ነው። ተማሪዎች ነድፈው የሠሩት ሮኬት እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። እኔን ከከፍታው በላይ የሚያስደስተኝ የውጤቱ አጻጻፍ ነው። «339,800 ጫማ፣ ሲጨምር ሲቀንስ 16,800፣ በ90 በመቶ እርግጠኝነት» ብለው ነው ያወጡት። ከሰባት ወር ገደማ በፊት ምንም መረጃ ያልነበረው ቡድን አሁን የሚያውቀውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ጭምር ይናገራል። ጸሐፊው «ከክሽፈት ምን ይገኛል?» ብለው ጠይቀዋል። ይህ ይገኛል።

የተማሪ ሥራ ሁሉ ደግሞ በሙከራ አይቀርም። ኤምአይቲ ውስጥ በ1999 በተማሪዎች የዲዛይን ክፍል የተጀመሩት ስፌርስ የተባሉ ኳስ መሰል ትናንሽ ሳተላይቶች በ2006 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ገብተው ለዓመታት አገልግለዋል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት የአቧራ መቁጠሪያ መሣሪያ በዚያው ዓመት ኒው ሆራይዘንስ ከተባለችው የናሳ መንኩራኩር ጋር ወደ ፕሉቶ ተጉዟል። ጨዋታ የሚለው ቃል እዚህ አይሠራም።

«ድርጅቶች ሲቀጥሯቸው ያሠለጥኗቸዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገርም በመሀል ጣል አድርገዋል። የሚያሠለጥነው ድርጅት መጀመሪያ መቅጠር አለበት። ቃለ መጠይቅ ላይ «ምን ሠርተሃል?» ይላል። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

የቀረው የቅንጦቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው «ይህ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ነው፤ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ላብ እንኳ የለውም» ይላሉ። ችግሩን አልክድም። ሆኖም ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 በቻይና ድጋፍ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን ሳተላይት ያመጠቀች ናት። ቀጣዮቹን ራሷ ትሠራለች ብለን የምንመኝ ከሆነ ሰው የሚዘጋጀው ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ካለው ተማሪ ነው። ይህን ለመጀመር ደግሞ የነፋስ ዋሻም (የአየር ፍሰት መሞከሪያ) ሮኬትም አያስፈልግም። እንዲያውም በሮኬት መጀመር የለበትም፤ ያለ ልምድና ያለ ቁጥጥር ነዳጅ መነካካት ሰው ይጎዳል። ድሮንም ፈቃድ ይጠይቃል።

በፎም ግላይደር፣ ማለትም ከፎም በተሠራ ተንሳፋፊ አውሮፕላን፣ ይጀመር። ሞተር የለውም፤ ባትሪ የለውም። የሚያስፈልገው ፎም፣ ኮላ፣ መቁረጫ፣ የወጥ ቤት ሚዛንና የልኬት ሜትር ነው። ከአንድ ከፍታ ላይ በትክክል ሲለቀቅ የሄደው ርቀት ለወረደው ከፍታ ሲካፈል የማንሳት ኃይሉ ከአየሩ መጎተት ጋር ያለውን ጥምርታ ይሰጣል። የኤሮዳይናሚክስ ኮርስ ትልቁ ቁጥር በሜትር ተለካ ማለት ነው። ነፋስ እንዳያስቸግር አዳራሽ ውስጥ ይደረግ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የማንም ሀብታም ዩኒቨርሲቲ የማይገዛው ላብ አለ። መጻሕፍቱ ምሳሌ የሚሠሩት በባሕር ወለል ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያው ሜትር ኩብ 0.97 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። በዚህ ስስ አየር ያው ግላይደር ሳይወድቅ ለመንሳፈፍ 12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። የሚሄደው ርቀት ግን በመሠረቱ አይቀየርም። ብዙ ተማሪ ሁለቱም የሚቀነሱ ይመስለዋል። ቀመሩን ቸክሎ ፈተና ያለፈም ጭምር። ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ በ1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። የሁለቱ ከተሞች ተማሪዎች አንድ ዓይነት ግላይደር ሠርተው ፍጥነቱን በስልክ ካሜራ ቢለኩና ውጤት ቢለዋወጡ፣ የሙቀቱንም ልዩነት በስሌቱ ቢያስገቡ፣ የሚያገኙት ነገር ከየትኛውም መጽሐፍ መልመጃ ይበልጣል።

ለዚህ ሥርዓተ ትምህርት መቀየር አይጠይቅም። የኤሮዳይናሚክስ መምህሩ ከአሳይመንቶቹ ሁለቱን አንሥቶ በዚህ ይተካ። ተማሪዎቹ ግላይደሩን ከመልቀቃቸው በፊት የሚጠብቁትን ርቀትና ፍጥነት ጽፈው ያስረክቡ። ከለኩ በኋላ ማርኩ የሚሰጠው ብዙ ለበረረው አይሁን። ግምቱና ልኬቱ ለምን እንደተለያዩ በቁጥር ላስረዳው ይሁን።